ክዳኑን የከፈተው እጅ

"ሌባው ዛሬ በስልኬ ተያዘ!"

ኢያቄም ይሄን ሲል ሳሎኑ በሳቅ ሞላ…

እንግዶቹ ሳህናቸውን እንደያዙ ተነሱ። የቢሮው ቀልደኛ ጆኒ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

ሁሉም ተከትለውት ወደ ጓሮ ወጡ።

ቆይ… ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ኢያቄም ቤቱ ፉሪ ነው። በቅርቡ መሥሪያ ቤቱ እድገት ሰጠው። ደስ ብሎት እሁድ ከቸርች በኋላ አለቃውንና የቢሮ ልጆችን ምሳ ጠራ።

ምሳው ደግሞ ተራ ምሳ አይደለም… ወንድሙ ከዱባይ ያመጣለት ስማርት ግሪል ይመረቃል! ከዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ስጋው ምን ላይ እንደደረሰ በስልክ የሚናገር መጥበሻ።

ጠዋቱን ሙሉ ሲታገለው ነበር። ዋይፋዩ ጓሮ አይደርስም። ራውተሩን ከሳሎን ነቅሎ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ፓስወርዱን ደጋግሞ ጻፈ… እምቢ።

የሚስቱ የኦብሴ አባት ኦቦ ኮርሳ ጋቢያቸውን ለብሰው አጠገቡ ቆመዋል። እዛው ሰፈር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከተማው መሬታቸውን ቢበላውም በተረፈችው ማሳ አሁንም ጤፍ ይዘራሉ።

"ልጄ፣ እሳቱ ያለ ኢንተርኔት አይነድም እንዴ?"

"አባባ፣ እባክዎ እንዳይነኩት! ደግሞ እንግዳ ሲመጣ… እዚሁ ጓሮ ቢሆኑ ይሻላል።"

ኦብሴ ሰማች።

በመጨረሻ ስልኩ "ተገናኝቷል" አለ። ኢያቄም እንደ ልጅ ዘለለ።

እንግዶቹ መጡ… ከነሚስቶቻቸው፣ ከነጓደኞቻቸው። ካሰበው በላይ ናቸው። እሱ ግን ልቡ ስልኩ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትሪ ገባ። ሙገሳው ዘነበ። ኦብሴን "የቀረውን ጨምሪበት" ብሏት ከአለቃው ጎን ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። የግሪሉ ክዳን ተከፍቷል!

ኦብሴ እዚሁ ፊቱ እንጀራ እያቀረበች ነው። ታዲያ ማን ከፈተው?

እንደገና ጮኸ…

እንደገና…

"ጓሮ ማን አለ?" አለ አለቃው ፈገግ ብሎ።

"አማቴ ናቸዋ…"

ኢያቄም አፈረ። እፍረቱን በቀልድ ሊሸፍን ብሎ ነው ያቺን ቃል የተናገረው።

ጓሮ ሲደርሱ ኦቦ ኮርሳ ግሪሉ ላይ አጎንብሰዋል። ሰዎቹን ሲያዩ ደንግጠው የያዙትን ሳህን ጋቢያቸው ስር ሸጎጡት።

"አባባ! ምን እያደረጉ ነው?"

ሽማግሌው መጀመሪያ ኢያቄምን አዩት። ከዛ ከኋላው የቆሙትን እንግዶች። ከዛ በሩ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን።

ኦብሴ ልትናገር አፏን ስትከፍት በዓይናቸው ከለከሏት።

"ርቦኝ ነው ልጄ… ሲሸተኝ አላስቻለኝም።"

ሳቅ!

"ፋዘር፣ ተነቃብዎት!" አለ ጆኒ እየቀረጸ።

"ሲርብዎት አይጠይቁም? እንደ ሌባ…" አለ ኢያቄም።

"ልክ ነህ። አጥፍቻለሁ።"

አንገታቸውን ደፍተው በጓሮ በር ወጡ።

ግብዣው ቀጠለ። ትሪ በትሪ ላይ… ስጋው ማለቂያ የለውም። አለቃው ሲሰናበት ትከሻውን መታ አደረገው። "አንተስ ለጋስ ነህ!"

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ኢያቄም ወጥ ቤት ገባ።

"አባትሽ እኮ አዋረዱኝ!"

ኦብሴ ዕቃ እያጠበች ነበር። እጇን ሳታደርቅ ዞረች።

"አንተ የገዛኸው ስጋ መጀመሪያው ትሪ ላይ አለቀ።"

"ምን?"

"አለቀ! እንግዳው ተቀምጦ እየጠበቀ እኔ የማደርገው ጠፋኝ። ለአባዬ ነገርኩት። 'ዝም በይ፣ ባልሽ እንዳይሰማ' ብሎኝ ቤቱ ሄደ። ነገ ጤፍ ለሚያጭዱለት የደቦ ሰዎች ያረደውን በግ ይዞልህ መጣ… ክዳኑን የሚከፍተው ሊወስድ አልነበረም ኢያቄም። እየጨመረልህ ነበር!"

"ታዲያ… ለምን ርቦኝ ነው አሉ?"

"እውነቱን ቢናገር በእንግዳ ፊት ስጋ ያለቀበት ማን ሊባል ነበር?"

ኢያቄም ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ስልኩ ጮኸ። አሁን ግሪሉ አይደለም… የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጆኒ ቪዲዮውን ለቆታል። "የግሪሉ ሌባ" ብሎ ጽፎበታል። ከስር የሳቅ ኢሞጂ ተደርድሯል። አለቃውም ስቋል።

ከፍቶ አየው። ከጋቢው ስር የሳህኑ ጠርዝ ወጥቷል። ሳህኑ ላይ ያለው ስጋ ገና እሳት ያልነካው ጥሬ ነው…

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ይሄን ያየ አንድም አልነበረም።

ኢያቄም ወደ አማቱ ቤት ሮጠ። ኦቦ ኮርሳ ደጃቸው ላይ ለጎረቤታቸው ለበንቲ "የነገው ምሳ ሽሮ ሆኗል፣ እንዳትቀየሙኝ" እያሉ ነበር።

እግራቸው ላይ ወደቀ።

"አባባ… ይቅር ይበሉኝ…"

በሁለት እጃቸው አነሱት።

"ተነስ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሆዳም ቢሉኝ ምን ይጎድልብኛል? አንተ ግን ነገ ከነሱ ጋር ትውላለህ። አንተ ስታፍር ደግሞ ልጄም አብራህ ታፍራለች።"

ኢያቄም ስልኩን አወጣ።

እዛው ደጃቸው ላይ ቆሞ ግሩፑ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ዛሬ የበላችሁት ስጋ የኦቦ ኮርሳ ነው። የሳቅንባቸው ሰው ናቸው ያበሉን። ሌባ ያልኳቸው እኔ ነኝ… እኔ ነኝ የሰው ስም የሰረቅኩት።"

ሳቁ ቆመ። ጆኒ ቪዲዮውን አጠፋው። ግን እስከዛ ማን ለማን እንደላከው ማን ያውቃል?

ሰኞ ኢያቄም ፈቃድ ጠይቆ ስጋ ገዝቶ ማሳው ላይ ዋለ። ማጭድ አያያዝ አያውቅምና የደቦው ሰዎች ሳቁበት…

ኦቦ ኮርሳ ግን አልሳቁም።

ወዳጆቼ… ስልክ ክዳኑ መከፈቱን ይነግረናል። የከፈተው እጅ ሊወስድ ይሁን ሊሰጥ ግን አይነግረንም። ሰውን ከማዋረዳችን በፊት፣ በተለይ በሰው ፊት፣ ቀረብ ብለን እንጠይቅ። ይቅርታ ቂምን ይሽር ይሆናል… የተሳቀን ሳቅ ግን አይመልስም።

እስቲ እናንተ በኦብሴ ቦታ ብትሆኑ… አባታችሁ በዓይናቸው "ዝም በይ" ሲሏችሁ ዝም ትሉ ነበር? ወይስ እዛው እውነቱን ተናግራችሁ ባላችሁን ታሳፍሩት ነበር?

ከልባችሁ መልሱልኝ፣ ኮሜንቶቻችሁን አንድ በአንድ አነባለሁ።