አምስተኛው ገና

አምስተኛውንም «ገና» አጠፋዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ አምስት አሮጌ ሃርድ ዲስኮች ተደርድረዋል፤ በሁሉም ላይ በአባቴ እጅ የተጻፈበት ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ በሁሉም ውስጥ «ገና» የሚል ፎልደር አለ። እህቴ ከአራት ቀን በኋላ ለበዓሉ ከነልጆቿ ትመጣለች። «የቤተሰቡን ፎቶ አንድ ቦታ ሰብስብልኝ፣ ልጆቹ በቴሌቪዥን ይዩት» ብላኛለች።

የመጀመሪያዎቹን አራት ከፍቼ አይቻቸዋለሁ። ያው ሶፋ፣ ያው ዛፍ፣ ያቺው ዓይኗን የጨፈነች አክስቴ። አንዱን ቅጂ ለዚሁ በገዛሁት አዲስ ዲስክ ላይ አስቀርቼ የቀረውን አጠፋሁ። አምስተኛው፣ ትንሿ ግራጫ ዲስክ ላይ ያለው፣ ከሁሉም ያነሰ ነው። ተጀምሮ የተቋረጠ ኮፒ መሆን አለበት ብዬ አልከፈትኩትም።

አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የተጠላለፈውን የዛፍ መብራት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የተቃጠለችውን አምፖል በጣቱ እየፈለገ ነው።

«ዶክተር፣ በሽተኛው እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ይተርፋል። ያሳመመው ግን ባለቤቱ ነው። አንድ ፎቶ አምስት ቦታ ይቀመጣል እንዴ አባዬ? አክስቴን ብቻ አራት ጊዜ አገኘኋት።»

«አደራህን፣ እሷን እንዳታጠፋ። ዝም ያለችው ያን ቀን ብቻ ነው።»

«አንዷን አስቀርቼልሃለሁ። ሌላውን ገና ሁሉ አጥፍቻለሁ፣ ግራጫዋ ላይ ያለውንም።»

ጣቱ አንዷ አምፖል ላይ ይቆማል።

«ግራጫዋ ላይ ምን አደረግክ?»

«ገናን አጠፋሁ።»

«ገና አይደለም» ይላል ቀስ ብሎ። «ገና ነው።»

ለሚያነበው ሰው ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። እኔ ግን ሰማሁት። የፊተኛውን አጥብቆ ነው ያለው፣ በዓሉን እንደምንጠራው። የኋለኛውን አላልቶ፣ ገና ነኝ፣ አልደረስኩም እንደሚል ሰው። ፊደላችን ይህን አይለይም። ሰሞኑን በአእምሮዬ ያለው በዓሉ ብቻ ስለነበር እኔም አልለየሁትም።

«ምን ነበረበት?»

«እናትህ።»

እማዬ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። መልእክት መጻፍ አትወድም ነበር፤ ስልኳን አፏ ላይ አስጠግታ ያሰበችውን ተናግራ ትልክ ነበር። አባቴ ደግሞ የድምፅ መልእክት ከፍቶ አይሰማም። «ማታ ስንገናኝ ትነግረኝ የለ?» ይል ነበር። ሆስፒታል ተኝታም ልማዱ አልለቀቀውም፤ ማታ ማታ ሳይጠይቃት አያድርም ነበርና።

«ሠላሳ ሰባት ናቸው» ይላል አሁን። «ያልሰማኋቸው። ስልኬ የተበላሸ ጊዜ ጥገና ቤት ወስጄ አስገለበጥኳቸው። አንድ ቀን እሰማቸዋለሁ ብዬ... ገና ብዬ ጻፍኩባቸው።»

«ሌላ ቦታ ኮፒ አላቸው?»

«የላቸውም።»

አክስቴን አራት ቦታ ያስቀመጠ ሰው! አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩት።

ያጠፋሁት ነገር ወዲያው አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ቅርጫት ውስጥ ይቆያል፣ ቅርጫቱን ባዶ ካላደረግኩት። ከሦስተኛው በኋላ ባዶ አድርጌዋለሁ፣ ይህን አስታውሳለሁ። ከአምስተኛው በኋላስ? እጄ እንደ ልማዱ ሄዶ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ መብራቱን ሶፋው ላይ ትቶ ከኋላዬ ቆሟል። ትንፋሹ ይሰማኛል።

ቅርጫቱን እከፍተዋለሁ። ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ። ከታች፣ መጨረሻ ላይ፣ አንድ «ገና»።

ወደ ቦታው መልስ የሚለውን እጫናለሁ። አረንጓዴው መስመር ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል፤ ይሞላል። ፎልደሩን ከፍቼ እቆጥራለሁ።

«ሠላሳ ሰባት። ሁሉም አሉ።»

«ይሠራሉ?»

አዎ ብዬ ባሳርፈው ደስ ባለኝ። «እሱን አላውቅም» እለዋለሁ። «አንዱን ሳንከፍት አይታወቅም አባዬ።»

 ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ ድምፁ እስኪያቆም እንጠብቃለን።

«የመጨረሻውን እንዳትነካ» ይላል። «ከመሃል ክፈት።»

አሥራ ዘጠነኛውን እጫናለሁ። መጀመሪያ የኮሪደር ጫጫታ፣ የሚገፋ ጋሪ ጎማ። ከዚያ እሷ፦

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አታነሳም አይደል? ስማኝ፣ ስትመጣ ሹራቤን ይዘህልኝ ና። አረንጓዴውን። ሰማያዊውን እንዳታመጣብኝ፣ እጅጌው ጠባብ ነው፤ ግሉኮሱን ሊሰኩልኝ ሲሉ አልሰበሰብ ይላል። አረንጓዴውን፣ እሺ? በል ቻው።»

ፋይሉ ይሠራል። ግን ይህን ጮክ ብዬ አልናገርም።

አባቴ የወንበሬን መደገፊያ ይዞ እንደቆመ ነው።

«ሰማያዊውን ነው የወሰድኩላት» ይላል።

ዞሬ አየዋለሁ።

«ምንም አላለችኝም እኮ። ‹ተባረክ› ብላ ለበሰችው።»

ቁልቁል እጁን ያያል። ሁለት ጣቶቹን በሸሚዙ እጅጌና በአንጓው መሃል ያስገባና፣ ስፋቱን እንደሚለካ ሰው፣ እዚያው ይተዋቸዋል።