አንሶላ ስናጥፍ

አንሶላው በመሃላችን አየር ሞልቶ ይነሳል። ሁለቱን ጫፎች እኔ በዚህ፣ ሁለቱን እትዬ በዚያ ይዘን ቆመናል። ገና ከማድረቂያው ስለወጣ ይሞቃል። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞልቶት ግድግዳው የት ላይ እንደሚያልቅ አይታይም። ለአፍታ አንሶላው ተመልሶ የሚወርድ አይመስልም፤ እኔም አብሬው ከመሬት የተነሳሁ ይመስለኛል።

ከዚያ መውረድ ይጀምራል። እትዬ መሃል ድረስ መጥተው ይጠብቁኛል፤ እኔ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ እጠብቃቸዋለሁ። አንሶላው ሆዱን ዘርግቶ እርጥቡ ወለል ላይ ይተኛል። ይኸው፣ ተመልሶ ወደ ማጠቢያ!

«ወይ ጉድ!» እላለሁ። እትዬ ጎንበስ ብለው ያነሱታል።

የላይኛውና የታችኛው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ከተዋሃዱ ወዲህ ሁለት ዓይነት አስተጣጠፍ አንድ ክፍል ገብቷል። እኛ የላይኞቹ ስናጥፍ አንዷ እንደ ምሰሶ ትቆማለች፤ ሌላዋ ሄዳ ጫፉን ታቀብላታለች። የታችኞቹ፣ እነ እትዬ፣ ግን ሁለቱም ይሄዱና መሃል ላይ ይገናኛሉ። የትኛው ይሁን ብለን አዲሱን አለቃ ጠየቅነው። «እናየዋለን» አለ። ደግመን ጠየቅነው፤ «እናየዋለን» አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ስሙም እዚያው እናየዋለን ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ወደ መስታወት ክፍሉ ጠራኝ። «የሚበላሸው አንሶላ በዝቷል። ከአንቺና ከእትዬ አንዳችሁ መቀነሳችሁ አይቀርም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ምሳ ንገሪኝ» አለ፣ ስልኩን እያየ። «እኔ ከሰው መጣላት አልፈልግም።»

እሱ ከሰው እንዳይጣላ እኔ ሰው ልብላለት! እናቴና ታናሽ እህቴ የሚያድሩት በእኔ ደሞዝ ነው። ፈርቻለሁ፤ ምን ልዋሽ። ከጠዋት ጀምሮ የእትዬ ስም አፌ ውስጥ ነው፤ አልውጠው፣ አልተፋው።

ሌላ አንሶላ እናነሳለን። አየር ይሞላና እትዬ ከወዲያ ማዶ ይጠፋሉ። ነጭ ብቻ ይቀራል። ከነጩ ውስጥ ድምፃቸው ይመጣል፣ ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል።

«አንቺ ልጅ፣ አንቺንም ጠየቀሽ?»

ጫፎቹን አጥብቄ እይዛለሁ። «ምኑን?»

«ተይ እንጂ! እንዳታፍሪ ብዬ እኮ ነው ፊትሽን በማላይበት የምጠይቅሽ።»

ከመስታወቱ ወዲያ የአለቃው አፍ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ስልክ እያወራ ነው፤ ድምፁ ግን እዚህ አይደርስም።

«ጠይቆኛል» እላለሁ። «እርስዎንስ?»

«ትናንት። የልጅቷን ጥፋት ይንገሩኝ አለኝ።» ትንሽ ይስቃሉ፤ ሳቁ ደረቅ ነው። «ለጡረታ አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ! እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፤ ልንገረው፣ አልንገረው ስል አነጋሁ።»

«እና ነገሩት?»

«ብነግረውማ ዛሬ ካንቺ ጋር አንሶላ ምን አስያዘኝ?»

አፍራለሁ፤ ደስም ይለኛል። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚመጡ አላውቅም።

አንሶላው መውረድ ሲጀምር፣ ዛሬስ ልሂድላቸው ብዬ እግሬን አነሳለሁ። መሃል እደርሳለሁ። እትዬ መሃል የሉም። ለካ እሳቸውም ለእኔ ብለው እንደ እኛ እንደ ምሰሶ ቆመውልኛል! «ምነው ልጄ፣ እየመጣሽ ነው እንዴ?» ይላሉ፤ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል፣ የእኔም ይከተላል። የቀረውን መንገድ እሄደዋለሁ። በእንፋሎቱ ውስጥ ረጅም ነው፤ እግሬ ወለሉን የነካ አይመስለኝም።

የመስታወቱ በር ይከፈታል። አለቃው መጥቶ አጠገባችን ይቆማል፤ እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፍኖታል።

«እሺ፣ ምሳ ደረሰ» ይለኛል። «የማን ነው?»

እዚያው እትዬ ፊት! የእናቴ ፊት ድቅን ይልብኛል።

«የእኔ ነው» እላለሁ።

«የእኔም ነው» ይላሉ እትዬ ወዲያው።

«እንዴ! ሁለታችሁንም ላባርር ነው እንግዲህ?»

እሱ ይወቅ እንጂ! ማሽኖቹ ይዞራሉ። እሱም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርጋል፣ ያደርጋል፣ መልሶ ይሸፈንበታል።

ያባርረን አያባርረን አላውቅም። ፍርሃቴም የትም አልሄደም። እጆቼ ግን እትዬ እጆች ላይ ደርሰዋል፤ የአንሶላው አራት ጫፎች አንድ ላይ ሆነዋል። ከሞቀው ጨርቅ ስር አንድ እጅ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ይሁን የእሳቸው፣ መለየት አልቻልኩም።