የጭን አጥንቱ ከየትኛው ወንዝ መጣ

አጥንቱ የተገኘው ከሳን ሆዜ በስተሰሜን፣ አልቪሶ ረግረግ ውስጥ ነው። የረጅም ወንድ የጭን አጥንት። የካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ወዲያው ያሰበው ኤርምያስን ነበር።

ኤርምያስ ታክሲ ነጂ ነበር። ፍሩትቬል ጎዳና ላይ ሰው ገጭቶ ተከሶ፣ ሊፈረድበት አራት ቀን ሲቀረው ጠፋ። ጎርፍ የበዛበት ጥር ነበር። መኪናው ኮዮቲ ወንዝ ዳር በሯ እንደተከፈተ ተገኘች። ወደ ውሃው ሲወርድ አየሁት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቤት ደባሉ መንገሻ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው።

እናቱ ወይዘሮ የወርቅውሃ አገር ቤት ሳሉ ሠላሳ ዓመት የወንዝ ልክ ሲለኩ የኖሩ ሴት ናቸው። እዚህ የሰው ሽማግሌ ያጥባሉ፤ ስለ ወንዝ የጠየቃቸው የለም። ጥቁር አልለበሱም። ቄሱ «ፍትሐት እናድርስለት» ሲሏቸው፣ «አጽሙ ሳይገኝ?» ይላሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰው ተለይተው መኪና ማቆሚያው ጥግ ይቆማሉ። ያልቅሱ ብሎ ሁሉም ይተዋቸዋል።

አሁን አጽም ተገኘ።

«የሱ አይደለም» አሉ።

የቢሮው መርማሪ በረጅሙ ተነፈሰች። «አጥንቱን ጨው በልቶታል፤ የመጀመሪያው የዲኤንኤ ምርመራ ውጤት አልሰጠም። ቁመቱ ግን ይስማማል። እርስዎ ከተቀበሉ ፋይሉ ይዘጋል፤ ወስደው ይቀብሩታል።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ካርታ ዘረጉ። «ልጄ የወረደው ኮዮቲ ነው። ይሄ አጥንቱ የተገኘበት ደግሞ የጓዳሉፔ ወንዝ አፍ ነው፤ ባሕር የሚገባበት። ሁለቱ ወንዞች ጎን ለጎን ይወርዳሉ እንጂ አይገናኙም። አጥንት አይንሳፈፍም፤ ታች ታቹን ይጎተታል። በአንዱ አፍ ወጥቶ በሌላው አይገባም።»

«የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለቴ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሊያስገባው ይችላል ብሎኛል ባለሙያችን።»

«ባለሙያችሁ ተሳስቷል።»

«እንደ እርስዎ እርግጠኛ የሆነ ሰው አላየሁም።»

መንገሻ ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቃቸው ነበር።

«ፈረሙ?»

«አልፈረምኩም።»

መሪውን በመዳፉ መታው። «እማማ! እግዜር እጃችን ላይ ያስቀመጠውን እንዴት ይመልሳሉ? ይፈርሙ፣ ይቀበር፣ ሁላችንም እንረፍ!»

«በማን አጥንት ነው የምታርፈው?»

ሞተሩን አስነሣ።

መርማሪዋ በመስኮት ታያቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ያየው እሱ፣ ለመቅበር የሚቸኩለውም እሱ። ማስታወሻዋ ላይ ስሙን ሁለቴ አሰመረችበት።

በሳምንቱ የወርቅውሃ ተመልሰው መጡ፤ ብቻቸውን አልነበሩም። በሰው በሰው አፈላልገው ያመጧት መይሙና ሳንታ ክላራ ቢሮ የምታጸዳ የወሎ ሴት ናት። ልጇ አክረም ጓዳሉፔ ድልድይ ሥር ድንኳን ውስጥ ይኖር ነበር። ስልኩ የተቋረጠው በዚያው ጥር ነው። ፖሊስ «አዋቂ ሰው ነው፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሆናል» ብሎ መልሷት ነበር፤ ሦስት ጊዜ።

«የሷን ምራቅ ውሰዱና ከአጥንቱ ጋር እንደገና መርምሩ» አሉ የወርቅውሃ።

«የእርስዎንም እንወስዳለን።»

«የኔ አያስፈልግም።»

መይሙና ካርታውን ዞር ብላ አላየችውም። ክንዳቸውን ያዘች። «እትዬ፣ የኔ ባይሆንስ? እንዲህ ያረጋገጠልዎት ምንድን ነው?»

«ውሃው» አሉ፤ አይን አይኗን ግን አላዩም።

ውጤቱ አርባ ቀን ፈጀ። አጥንቱ የአክረም ሆነ።

በነጭ ከፈን ጠቅልለው ቀበሩት። የወርቅውሃ ከሰው ኋላ ቆመው ነበር። መይሙና መጥታ እጃቸውን ሳመች። «ለልጄ መቃብር ሰጡት። አላህ የርስዎንም ያግኝልዎት» አለች። እጃቸውን ቶሎ ሳቡ።

መርማሪዋም መጥታ ነበር። «እንግዲህ የኤርምያስ ፋይል አልተዘጋም» አለች። «መንገሻን እንደገና እጠራዋለሁ። አየሁ ያለውን ከመጀመሪያው እንዲነግረኝ።»

«ጥሪው» አሉ የወርቅውሃ፤ ድምፃቸው ደክሟል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደ ወትሮው መኪና ማቆሚያው ጥግ ቆሙ። ሰውም እንደ ወትሮው ተዋቸው። ከቦርሳቸው ሥር ትንሽ ስልክ አውጥተው ደወሉ። ሁለቴ ጠራ።

«እማዬ፣ ቀበራችሁኝ ወይስ ገና ነው?»