የዙልማ አራት ደቂቃ

«እናቶቼ፣ እባካችሁ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ» አለችን የጡረታ ቢሮዋ ልጅ።

እኔና ዙልማ ግን መቀነስ አንችልበትም። ጉልበታችንን የጨረስነው ሱፍ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው፤ ካልጮኽን የተናገርን አይመስለንም። የማሽኖቹ ጩኸት ዛሬም ይናፍቀኛል፤ የእርጥብ ሱፉ ሽታ ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ፋብሪካው ከተዘጋ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ማህደሮቹን የኡራጓይ ወንዝ ሞልቶ ወሰዳቸው። ዙልማ እዚያ የሠራችው አስራ አንድ ዓመት ካልተቆጠረላት ጡረታ የላትም፤ በስልሳ ስድስት ዓመቷ የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ትኖራለች። ለዚህ ነው ትናንት ደጄ የመጣችው። የፈረቃ አለቃዋ ነበርኩ፤ ፋብሪካው ሊዘጋ ስድስት ወር ሲቀረው ተኳረፍን፣ እንደተኳረፍን ቀረን። «መስክሪልኝ። ሌላው ሁሉ ሞቶ ነው» አለችኝ፣ ሰላም እንኳን ሳትል። ዛሬም ወረፋ ስንጠብቅ እየተቀባበሉ የሚጠጣውን የማቴ ሻይ ከፔርሙሷ እየቀዳች ብቻዋን ጠጣች፤ አንዴም አላቀበለችኝም።

«የምስክር ቃል ብቻውን አይበቃም፣ ዶኛ ኢርማ» አለችኝ ልጅቷ። «የሆነ ወረቀት የላችሁም?»

ዙልማ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ገና ሳየው አወቅኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፊርማው የኔ። አራት ደቂቃ አርፍዳ ብትገባ የጻፍኩባት። ያኔ ለደቂቃ የምሞት ሰው ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«ያስቀመጥኩት እግዜር ፊት ላወጣባት ነበር» አለች ዙልማ ለልጅቷ፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

ልጅቷ ቀኑን አየች። «ይሄ የሚያሳየው እኮ በዚያ ቀን እንደሠሩ ነው። አንድ ቀን ብቻ።»

ዙልማ ፔርሙሷን ብብቷ ስር ሸጉጣ ተነሳች። ክንዷን ያዝኳት።

«ቁጭ በይ። አንቺም ልጄ፣ እስከ ታች አንብቢው።»

ልጅቷ አነበበች፦ «ሠራተኛ ዙልማ ፔርዶሞ ሰኔ አስራ ሁለት ቀን አራት ደቂቃ አርፍዳ ገብታለች። በአስራ አንድ ዓመት አገልግሎቷ ስታረፍድ ይህ የመጀመሪያዋ በመሆኑ ከደመወዟ እንዳይቆረጥባት አሳስባለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሥራ አስኪያጁ ሰርዢ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

«አስራ አንድ ዓመት ይላል» አለች ልጅቷ ቀና ብላ። «የፋብሪካው ማህተምም አለው። ይበቃል፣ ይቆጠርልዎታል።»

ዙልማ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔን ሳታይ፣ «ከመጀመሪያው መስመር አላለፍኩም ነበር» አለች። «ንዴቱ መቼ አስነበበኝ።»

ከዚያ ወረቀቱን ከልጅቷ እጅ ወስዳ መነጽሯን አደረገች። ልጅቷ ኮፒ ልታደርገው እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ዙልማ አልቸኮለችም፤ በጣቷ እየተከተለች ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች።