የ«ዲምቱ ኤክስፕረስ» ሾፌር ማነው?

«ግጨው! ግጨው እንጂ!... ገጨሁትትት!»

ፋኑኤል ይህን እየጮኸ ቀና ሲል... አቶ ኤርካሎ ፊቱ ቆመዋል።

ቦታው ወላይታ ሶዶ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የስልክ ጥገና ሱቁ ናት። በእጁ ስልክ፣ ስልኩ ላይ ደግሞ የመንገድ ላይ የመኪና እሽቅድድም ጌም።

አቶ ኤርካሎ ማለት ሊያገባት የሚፈልጋት የጽጌሬዳ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሶዶ ዲምቱ ከተማ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነድተው፣ አንዲት ዶሮ እንኳ ሳይገጩ ጡረታ የወጡ ሰው!

ሊያሠሩት ያመጡትን ስልክ መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

ፋኑኤል በሳምንቱ ሽማግሌ ላከ...

«በጨዋታ እንኳ ሰው ገጭቶ ደስ ለሚለው ልጅ፣ ልጄን አልሰጥም!» ብለው መለሷቸው።

ሽማግሌዎቹም ቁርጡን ነገሩት። «አንድ ጊዜ ደግመን እንሄድልሃለን። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ፈልግ፤ እኛም እናፍራለን።»

ፋኑኤል እህል አልበላ አለው። ጽጌሬዳም ፊቷ ጠቆረ።

የሆዱን የሚያዋየው አንድ ሰው ብቻ ነበር... እሱንም በአካል አያውቀውም!

ጌሙ ላይ ስሙ «ዲምቱ ኤክስፕረስ» ነው። ከሥራ መልስ ይጋጠማሉ። አነዳዱ ግን ጉድ ነው! ኩርባ ላይ ሲደርስ ክላክስ ያደርጋል። ሲያልፍህ «ፒፕ ፒፕ» ብሎ ሰላም ይልሃል። በጌም! 😂

ደግሞ ሁሌም ያሸንፋል።

አንድ ቀን ግን ፋኑኤል በስንት መከራ ቀደመው። የመጨረሻው መስመር ጋ ሊደርስ ሲል...

የዲምቱ ኤክስፕረስ መኪና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ኔትወርክ ሄዷል።

ፋኑኤልም ፍሬን ያዘ። መስመሩ አፍንጫው ሥር ሆኖ ቆሞ ጠበቀ። ያቺ «ግጨው» ያመጣችበትን ጣጣ ካየ ወዲህ አነዳዱ ተለውጧል።

ኔትወርኩ ሲመለስ መልእክት መጣ።

«ማለፍ ስትችል ለምን ቆምክ?»

«መንገድ ላይ የቆመ ሰው ጥሎ መሄድ ደስ አይልም ወንድሜ።»

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆኑ። ፋኑኤል የጽጌሬዳን ነገር፣ የሾፌር አባቷን እምቢታ፣ አንድ ሳያስቀር ዘረገፈለት።

ዲምቱ ኤክስፕረስ ከጥቂት ቀን በኋላ እንዲህ አለው።

«ያ ሽማግሌ ሾፌር ግትር ነገር ነው፣ አይደል?»

«እንደሱ አትበል ወንድሜ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለልጃቸው ፈርተው ነው። እኔም ብሆን 'ግጨው' እያለ ለሚጮህ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«እናቷስ?»

«እሳቸውን ብዙ አላውቃቸውም። ጽጌሬዳን የመሰለች ልጅ ያሳደጉ ሴት ግን እግራቸውን ብስም ያንስባቸዋል።»

«ፒፕ ፒፕ» አለው ዲምቱ ኤክስፕረስ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። ሙሽራ ነኝ ባይ አብሮ አይገባም፤ ደንቡ ነው። ፋኑኤል ከበሩ ማዶ ዛፍ ሥር የቆመ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል።

ጭንቀቱ ሲብስበት ጌሙን ከፈተ። ዲምቱ ኤክስፕረስ አለ!

«ወንድሜ ጸልይልኝ። ሽማግሌዎቹ ገብተዋል። እኔ ደጅ ነኝ።»

«ዛፉ ሥር ያለው ባጃጅ ውስጥ?»

ፋኑኤል መልእክቱን ደግሞ አነበበው።

ዲምቱ... ሾፌር... ክላክስ...

አቶ ኤርካሎ!!! እስከዛሬ ገበናውን ሁሉ ሲያወራ የከረመው ለማን ኖሯል?!

ከባጃጁ ወርዶ ሊሮጥ ሲል፣ የቤቱ መስኮት መጋረጃ ገለጥ አለ። ስልክ የያዘ እጅ ተወዛወዘለት።

አቶ ኤርካሎ አይደሉም...

ወይዘሮ ዘመነች ናቸው! የጽጌሬዳ እናት!

መልእክት ገባ። «ወንድምህ አይደለሁም ልጄ፣ አማትህ ነኝ። ሸሚዝህን አስተካክል፣ አሁን ትጠራለህ።»

ሳሎን ውስጥ አቶ ኤርካሎ «ይሄ የጌም ልጅ...» ብለው ሲጀምሩ ሚስታቸው ከተፍ አሉ።

«እኔ መንገድ ላይ ስቀር ቆሞ የጠበቀኝ ይሄው የጌም ልጅ ነው!»

«የት ነው ደግሞ መንገድ ላይ የቀረሽው?»

ወይዘሮ ዘመነች ስልካቸውን ሰጧቸው።

«ስንት ዓመት ሙሉ ገበያ ስወርድ ጋቢና አጠገብህ ተቀምጬ፣ የዲምቱን ኩርባ ሁሉ በልቤ ስነዳ ነበር። አንድ ቀን መሪ ልያዝ ብልህ ሳቅክብኝ። ይኸው በጌሙ ያዝኩ! አሁን ደግሞ አንተ በሌለህበት ልጁ ስላንተ ያለውን አንብብ።»

አቶ ኤርካሎ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ግትር» የምትለዋ ጋ ሲደርሱ... ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ። 😂

ደግመው አነበቡ።

«በሉ ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ትቆማላችሁ?» አሉ ሽማግሌዎቹን። «ልጁንም ጥሩት... ለመሆኑ ይሄ ጌም የዲምቱ መንገድ አለው?»

አሁን በዚያ ቤት ሦስት ሾፌሮች አሉ። አቶ ኤርካሎ ዶሮ ላለመግጨት እየተጠነቀቁ ሁሌም መጨረሻ ይወጣሉ። አንደኛ የሚወጣውን መቼም አታጡትም።

ወዳጆቼ... ሰው ፊት ጨዋ መሆን ለማንም አያቅትም። እውነተኛው ጠባያችን የሚወጣው ማን እንደሚሰማን ሳናውቅ ስንናገር፣ ጥሎ ማለፍ እየቻልን ስንቆም ነው።

እናንተስ? መስመሩ አፍንጫችሁ ሥር ሆኖ ትቆሙ ነበር ወይስ ታልፉ ነበር?

እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉ... ግን ተጠንቀቁ፣ አማታችሁ እያነበቡት ይሆናል! 😂