ሰባት ቁጥር ፎቶ

የመንደሩ የፎቶ ማኅበር በወር አንድ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባል። ዘጠኝ አባላት አሉት። ሁሉም በወሩ ውስጥ በጫካና በሐይቅ ዳር ያነሳውን ፎቶ በፍላሽ ይዞ ይመጣና በሩ አጠገብ ካለው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ስም አይጻፍበትም። ስም ከታወቀ ይሉኝታ ይመጣል፤ ይሉኝታ ከመጣ ደግሞ መጥፎውን ፎቶ መጥፎ የሚል አይገኝም።

ሊቀ መንበሩ ስቱሬ ፍላሾቹን አንድ በአንድ እያወጣ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካና ፎቶዎቹን ቁጥር እየጠራ ግድግዳው ላይ ያሳያል። የዚያን እሑድ ሦስት ቁጥር ብዥ ያለ ግንደ ቆርቁር ነበር።

«ይሄ ወፍ ነው ወይስ ድንች?» አለች ጉኔል። አዳራሹ ሳቀ።

ሰባት ቁጥር ሲመጣ ሳቁ ቆመ። አራት ተከታታይ ፎቶ ነበር።

ገጹ በረዶ በሠራ ሐይቅ ላይ አንዲት ሚዳቋ በረዶው ተሰብሮባት ውሃው ውስጥ ገብታለች። የፊት እግሮቿን የበረዶው ጠርዝ ላይ ሰቅላ ትታገላለች፤ ትንፋሿ በጠዋቱ ፀሐይ ወርቅ መስሏል። በሁለተኛው ፎቶ አንገቷ ብቻ ቀርቷል። በሦስተኛው አፍንጫዋ። አራተኛው ላይ ጥቁር ውሃ ብቻ ነበር።

ጉኔል ሠላሳ ዓመት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ስትነሳ ወንበሯ ወደቀ።

«አራት! አንዱ አልበቃ ብሎት አራት ጊዜ አነሳ! የማን ነው?»

«ስም አንጠይቅም፤ ደንባችን ነው» አለ ስቱሬ።

«ደንብህን ገደል ክተተው!»

ቤንክት የሚባለው ጡረተኛ አናጢ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ጣቱን የፎቶው ጥግ ላይ አሳረፈ። «ይቺን ቀይ የጀልባ ቤት አውቃታለሁ። እዚያ ዳር ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የአርቪድ።»

ስምንት ፊት ወደ ኋላ ዞረ። አርቪድ ማኅበሩን ከተቀላቀለ ገና ሦስተኛ ስብሰባው ነው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠ ነበር።

«እዚያ ነበርክ?» አለችው ጉኔል።

«ነበርኩ።» ድምፁ ጎርናና ነበር።

«ስትሰምጥ አየሃት?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እና ዝም አልካት?»

«አላዳንኳትም።»

«ገመድ የለህም? መሰላል የለህም? እጅ የለህም?» ቤንክት ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። አንድ የቡና ስኒ ተገልብጦ አጠገቡ የነበሩትን ቂጣዎች አራሰ፤ ማንም አላነሳቸውም። «ውሻ እንኳ ያለቅሳል! አንተ ግን ብርሃኑን ትለካለህ!»

«ለሽልማት ነዋ!» አለ አንዱ ከጥግ።

«ሰው ቢሆንስ ኖሮ? ሰው ቢሰምጥስ እንደዚሁ ልታነሳ ነበር?» ጉኔል ወደ አርቪድ ተጠጋች። «ንገረኝ እንጂ!»

አርቪድ ዓይኑን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ቀስ እያለ አዞረ፤ አንዱን ሳያስቀር፣ ለእያንዳንዱም ጊዜ እየሰጠ። ይህም ይበልጥ አናደዳቸው።

«እያፌዘብን ነው!»

«ይውጣ!»

ስቱሬ ድምፅ እንስጥ አለ። ይባረር የሚል እጅ ያንሳ። ስምንት እጅ ተነሳ፤ የስቱሬም አብሮ።

«ተፈጸመ» አለ ስቱሬ። «ፍላሽህን ይዘህ ሂድ። የምትለው ካለህ አሁን በል።»

አርቪድ ተነሳ። ወደ ጣሳው ሄዶ ፍላሹን አወጣና ለስቱሬ አሳየው። «የእኔ ይኸው። ገና አልከፈትከውም።»

ስቱሬ ኮምፒዩተሩ ላይ የተሰካውን ሌላ ፍላሽ አየ። ጉኔል እጇን አወረደች።

«ሰባት ቁጥር በግራ በኩል ተቆርጧል» አለ አርቪድ። «የተቆረጥኩት እኔ ነኝ። ላወጣት ስሄድ በረዶው ከሥሬ ከዳኝና ውሃው ውስጥ ገባሁ።»

ከዚያ ወደ ስምንቱም ዞረ።

«ዳር ላይ የቆመውን ሰው እርዳኝ እያልኩ ጮህኩ፤ ካሜራውን ከፊቱ ስላላወረደ ግን ከእናንተ የትኛው እንደሆነ አላየሁም።»