እጄን ያላወቀው ቧንቧ

ዛሬ ቧንቧው ምን ነክቶት ነው እጄን እንቢ ያለው? ደጋግሜ ብዘረጋም ጠብ አላለም። አሁን በድሬዳዋ ውሃ የሚወርደው በቤቱ ተቆጥሮ ለተመዘገበ ሰው እጅ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ይቺን ትንሽ ሆቴል ያቆምኩ፣ የእንግዶቹን መታጠቢያ ውሃ እያጣራሁ ግቢዋን በፓፓያ የሞላሁ ነኝ።

"ናሆም፣ ልጄ፣ ቧንቧው ተበላሽቶ እንዳይሆን! እንግዶቹ ሳይነሱ እየው እስቲ።"

የልጅ ልጄ እጁን ዘረጋ፤ ውሃው ወረደለት። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

"እማማ፣ እንዳትቆጪ። ከቤቱ ሰው ቁጥር አውጥቼሻለሁ። ውሃ ካበዛን በር ላይ ያለውን 'ውሃ ቆጣቢ ሆቴል' የሚል አረንጓዴ ምልክት ይነቅሉብናል። ያኔ ማን እንግዳ ይመጣል?"

"ከገዛ ቤቴ? ሳትነግረኝ?"

"ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?"

"ታዲያ ውሃ ሲጠማኝስ?"

"ጥሪኛ፤ እቀዳልሻለሁ።"

"አንተን ሳሳድግ 'ጠማኝ' እስክትለኝ ጠብቄ አውቃለሁ?"

አንድ ብርጭቆ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። አልነካሁትም። ውጭው ገና በጠዋቱ ይፋጃል፤ "ባርኔጣህን አድርግ፣ ፀሐዩ ይመታሃል" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሱም በሩን ከፍቶ ወጣ።